ተከራዮቼ ሴፍቲኔት ናቸው፣ መድን እገባለሁ ወይ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ወር ስለ ቤት መድን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከመሃል ከተማ የተጻፉ ናቸው፤ ከተክለ ሃይማኖት፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ። ጸሐፊዎቹ በጡረታ አበል፣ በሴፍቲኔት ክፍያ ወይም በተነሺ ካሳ ለሚኖሩ ሰዎች ቤት ያከራዩ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው በዚያ ገንዘብ የሚከራዩ ናቸው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል።

«ዘመዶቼ ናቸው በይ ተባልኩ»

*በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ግቢዬ ውስጥ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። ሁለቱ ተከራዮቼ በሴፍቲኔት ይተዳደራሉ፣ አንዱ ጡረተኛ ናቸው። የእሳት መድን ልገባ ሳማክር አንድ የማውቀው ሰው «የሴፍቲኔት ተከራይ እንዳለሽ ካወቁ አይቀበሉሽም፤ ዘመዶቼ ናቸው፣ በነፃ ነው የሚኖሩት በይ» አለኝ። ምን ይሻለኛል?*

እናታችን፣ ይህን ምክር ፈጽሞ አይቀበሉ። የመድን ድርጅቶች በሚያስሞሉት የጥያቄ ቅጽ ላይ በዋናነት የሚጠየቁት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ጣሪያው ምን እንደሆነ፣ ቤቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ለመኖሪያ ይሁን ለንግድ፣ ባለቤቱ ይኑሩበት ወይስ ይከራይ፣ ከዚህ በፊት ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ፣ ሌላ መድን ሰጪ ውድቅ አድርጎት እንደሆነ ነው። ተከራይዎ ደመወዙን ከየት ያገኛል የሚለው ለእሳት አደጋው ክብደት የሚጨምረው ነገር የለም። ቤቱ የተከራየ መሆኑ ግን ይጨምራል። ስለዚህ «ዘመዶቼ ናቸው» ብለው ቢጽፉ ምንም የማይጎዳዎትን ነገር ለመሸፈን ሲሉ የሚጎዳዎትን ነገር ዋሹ ማለት ነው።

የመድን ውል የሚመራው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድን ክፍሉ እንዳለ ቀጥሏል። በሕጉ አንቀጽ 667 እና 668 መሠረት መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ ማስታወቅ አለበት፤ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ እንደሆነ ውሉ ይፈርሳል። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ዓረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ሲከፍሉ አይደለም፤ እሳት ከተነሳ በኋላ ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ (ገማቹ) መጥቶ ከተከራዮቹ ጋር ሲነጋገር ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። የሰርቪስ ክፍሎችዎ ብሎኬት ከሆኑ መንገዱ ቀላል ነው። እንጨትና ጭቃ ከሆኑ አንዳንዱ ድርጅት አይቀበልም፣ የሚቀበለውም ዓረቦኑን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ ቢሮ ይጠይቁ። ቀጥሎ ቀና ብለው ኮርኒሱን ይመልከቱ። በመሃል ከተማ ሰርቪሶች ውስጥ በብዛት የምናየው ግድግዳው ጣሪያው ድረስ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ከላይ አምስቱንም ክፍል የሚያገናኝ ባዶ ቦታ ያለበት፣ ኮርኒሱም ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ የሆነበት ነው። በአንዱ ክፍል የተነሳ እሳት ጨርቁን በልቶ በዚያ ባዶ ቦታ ወደ አምስተኛው ክፍል ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም። በየክፍሉ መሃል ያለውን ግድግዳ በብሎኬት ቆርቆሮው ድረስ ማስጨረስ ከየትኛውም መከላከያ በላይ ይጠቅማል፤ ለገማቹም የሚያሳዩት ነገር ይሆናል።

ሦስተኛው የመብራት መስመር ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡን እንሥራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ዋት አያንስም። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ይህ የተለመደው ሶኬት ሊሸከም ከሚችለው ጫፍ ላይ ነው፤ በቀጭን ሽቦ ከተሠራ ኤክስቴንሽን አቅም ደግሞ ያልፋል። ተከራዮችዎ የሚጋግሩበትን ስፒና ነቅለው እግሮቹን ይዩ፤ ጠቁረው ወይም ላስቲኩ ቀልጦ ቡናማ ሆኖ ካገኙት እሳቱ ጀምሯል፣ የቀረው መያያዙ ብቻ ነው። ሁለት ተከራዮች በአንድ ቀን በአንድ ቆጣሪ ሲጋግሩ ጉዳዩ ይብሳል። መፍትሔው ለምጣድ ብቻ የሚሆን አንድ ማብሰያ ቤት መለየት፣ ከዋናው ሳጥን በቀጥታ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ማስሳብ፣ መሃል ላይ በቴፕ የተጠመዘዘ ቅጥያ እንዳይኖር ማድረግ፣ በራሱ ባለ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ማስጠበቅ ነው። ብሬከሩ በየጊዜው ይወርዳል ብለው በትልቅ አያስቀይሩት። ብሬከሩ ሲወርድ ሽቦውን እያዳነ ነው። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

አንድ ነገር እናክል። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ለተጠቃሚዎች ለአነስተኛ ሥራ መነሻ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥበት ደረጃ አለው። ተከራይዎ በዚያ ገንዘብ እንጀራ ጋግረው መሸጥ ወይም ክፍላቸው ውስጥ ላውንድሪ መክፈት ቢጀምሩ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን የቤቱ አጠቃቀም ተቀይሯልና ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያሳውቁና በፖሊሲው (በመድን ውሉ ሰነድ) ላይ ማሻሻያ ያጽፉ። ዓረቦኑ ጥቂት ይጨምር ይሆናል።

በክረምት ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው ለሚተኙ ተከራዮችም እባክዎ ይንገሯቸው። ይህ ከመድኑ ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

«በዕጣ የደረሰኝ ዋጋ አይበቃም?»

*በልደታ ኮንዶሚኒየም ያለኝን ባለ አንድ መኝታ ቤት ለጡረተኛ ባልና ሚስት አከራይቻለሁ። መድን የገባሁት ቤቱ በደረሰኝ ጊዜ በከፈልኩት ዋጋ ልክ ነው።*

አይበቃም። መድን የሚገባው ቤቱን ዛሬ እንደነበረ መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ከዚያ ባነሰ ዋጋ ከገቡ በብዙዎቹ ፖሊሲዎች ውስጥ ያለው የማመጣጠኛ አንቀጽ ይሠራብዎታል። ለምሳሌ ቤቱን መልሶ መሥራት 2,400,000 ብር የሚፈጅ ቢሆንና እርስዎ በ600,000 ብር ቢገቡ፣ የገቡት ሩቡን ነው። ቧንቧ ፈንድቶ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ «200,000 ከ600,000 ያንሳል፣ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ይላሉ። ድርጅቱ ግን ሩቡን፣ 50,000 ብር ብቻ ያስባል። ከዚያ ላይ የራስ ድርሻ፣ ማለትም ከጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚችሉት፣ ተብሎ 5,000 ብር ከተጻፈ እጅዎ የሚገባው 45,000 ነው። ከአቤቱታዎች ሁሉ በብዛት የምንሰማው ይህ ነው፤ አብዛኛውም ሰው ድርጅቱ የበደለው ይመስለዋል።

ግምቱን ሲያወጡ የሰፈሩን የመሸጫ ዋጋ አይውሰዱ፤ ልደታ መሆኑ የሚጨምረው ዋጋ በእሳት አይቃጠልም። የወለሉን ስፋት በካሬ ሜትር ይያዙና ዛሬ የሚሠራ ተቋራጭ በካሬ የሚጠይቀውን ያባዙ፤ ፍርስራሽ ማንሻም ይጨምሩበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የሽቦ፣ የሴራሚክና የብረት ዋጋ ያለፈውን ዓመት ግምት ዋጋ ቢስ ያደርገዋልና በየዕድሳቱ ይከልሱት። ዓረቦኑ እንደሚፈራው አይደለም። ለምሳሌ ከሺህ ብር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ቢጠየቁ ለ2,400,000 ብር የዓመቱ ክፍያ 3,600 ብር ነው።

ጣሪያው፣ ደረጃውና ዋናው ቧንቧ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁላችሁም ነው፤ ማኅበሩ መድን ገብቶለት እንደሆነ ይጠይቁ። ከእርስዎ ቤት የፈሰሰ ውሃ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ቢያበላሽ የሚከፍልልዎት የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን ካለዎት ብቻ ነው። የባንክ ዕዳ ካለበት ደግሞ ባንኩ ቀድሞ መድን አስገብቶት ሊሆን ይችላል። ሁለት ቦታ መግባት ሁለት ካሳ አያስገኝም። የባልና ሚስቱ አልጋና ቴሌቪዥን በእርስዎ ፖሊሲ አይሸፈንም፤ ይህንን ሳያውቁ እንዳይኖሩ ይንገሯቸው።

«ኪራይ ባይከፍሉኝስ?»

*አራት ኪሎ አካባቢ ነው ቤቴ። ተከራዬ ከልማት ተነሺ ናቸው፤ ካሳቸው እስኪያልቅ ይከፍላሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሰጋኛል። መድኑ ያልተከፈለ ኪራይ ይሸፍናል? እሳቸው ግን የዓመቱን በአንዴ ልክፈልሽ ይሉኛል።*

የእሳት መድን ያልተከፈለ ኪራይ አይሸፍንም። «የኪራይ ገቢ ማጣት» የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን የሚሠራው ቤቱ በእሳት ወይም ፖሊሲው ላይ በተጻፈ ሌላ አደጋ ተጎድቶ ሰው የማይኖርበት ሲሆን ነው። ያኔ ጥገናው እስኪያልቅ፣ ውሉ ላይ እስከተጻፈው ወር ድረስ ኪራዩን ይተካልዎታል። በተጨማሪ ዓረቦን የሚገኝ ነውና ኪራዩ ለመተዳደሪያዎ ከሆነ ያካትቱት።

የሚተኩልዎት ግን በተመዘገበው ውል ላይ ያለውን ኪራይ ነው። ግብር ለመቀነስ 20,000ውን 8,000 ብለው ካስመዘገቡ 8,000 ብቻ ያገኛሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ የዓመቱን በአንዴ መቀበል አይችሉም። ይልቅ ተከራይዎ ገንዘቡን በባንካቸው አስቀምጠው በየወሩ ወደ እርስዎ ሒሳብ በራሱ እንዲተላለፍ ለባንኩ ትእዛዝ ቢሰጡ ሁለታችሁም ታርፋላችሁ። ይህ ለጡረተኛም ይሠራል፤ አበሉ በሚገባበት ማግስት ቀን ያስይዙት። የጡረታ አበል በኪራይ ዕዳ አይያዝም፤ ስለዚህ «ካልከፈሉ አበላቸውን አሳግዳለሁ» ብሎ መተማመን ከንቱ ነው። የሒሳብ መዝገብ የምትይዙ አከራዮች የመድን ዓረቦኑን በኪራይ ገቢ ግብር ላይ እንደ ወጪ ማስያዝ እንደምትችሉም አትርሱ።

«እሳት ከተነሳ አንቺ ነሽ የምትከፍይው ተባልኩ»

*በሴፍቲኔት ነው የምኖረው፣ መንገድ እጠርጋለሁ። አከራዬ መድን ገብተዋል፤ ግን ከክፍሌ እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ ከኔ እንደሚያስከፍል ነገሩኝ። እውነት ነው?*

እህታችን፣ እውነትነት አለው፤ ሁሌ ግን አይደለም። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት መድን ሰጪው ለአከራይሽ ከከፈለ በኋላ ጉዳቱን ባደረሰው ሰው ላይ በአከራይሽ ቦታ ተተክቶ መክሰስ ይችላል። ይህ የዳረጎት መብት ይባላል። ጥፋቱ ያንቺ ካልሆነ፣ ለምሳሌ እሳቱ የተነሳው አከራይሽ ካዘረጉት አሮጌ መስመር ከሆነ፣ የሚጠይቁሽ ነገር የለም። ስለዚህ የሚሞቅ ሶኬት ወይም የሚሸት ሽቦ ስታዪ ለአከራይሽ በስልክ ጽሑፍ አሳውቂ፤ መልእክቱን አታጥፊው።

ለአከራዮች የምንለው፦ መድን ስትገቡ «በተከራይ ላይ ያለው የዳረጎት መብት ቀሪ ይሁን» የሚል አንቀጽ እንዲጨመር ጠይቁ። አንዳንድ ድርጅት ያለ ጭማሪ ይቀበላል፣ ሌላው ጥቂት ያስከፍላል። የዕለት ጉርሷን ከምታገኝ ሴት የግማሽ ሚሊዮን ብር ዕዳ ከሶ የሚያተርፍ የለም፤ እሷ ግን በዚህ ፍርሃት እንቅልፍ ታጣለች። ይህ አንቀጽ ሆን ብሎ ያቃጠለን ሰው አይጠብቅም፤ መጠበቅም የለበትም። እግረ መንገዳችሁንም «በተንኮል የሚደርስ ጉዳት» በሚለው ሽፋን ውስጥ ተከራይ ያደረሰው ተለይቶ ወጥቶ እንደሆነ አንብቡ።

የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ጠይቃችሁናል። ቤቱ የእናንተ ስላልሆነ ሕንፃውን አታስገቡም፤ የቤት ዕቃችሁን ግን በራሳችሁ ስም መድን ማስገባት ትችላላችሁ።

«ለንደን ያለው ቤቴ»

*ከእንግሊዝ ተመልሼ ካዛንቺስ ነው የምኖረው። ለንደን ያለችኝን ቤት ያከራየሁት ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ለምታገኝ የሁለት ልጆች እናት ነው። ስኖርበት የነበረውን የቤት ኢንሹራንስ አላስቀየርኩም።*

ወንድማችን፣ ዛሬውኑ ያስቀይሩ። እዚያ ባለቤት የሚኖርበት ቤትና የተከራየ ቤት መድናቸው የተለያየ ነው፤ በድሮው ፖሊሲ ካሳ ቢጠይቁ ውድቅ ሊያደርጉብዎት ይችላሉ። የአከራይ መድን ሲገዙ ብዙዎቹ ድርጅቶች የተከራዩን ዓይነት ይጠይቃሉ፦ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ወይም የመንግሥት ድጎማ ተቀባይ። አሁንም አንዳንዱ ቅጽ በ2001 እ.ኤ.አ. የቀረውን መሥሪያ ቤት ስም ይዞ «ዲ ኤስ ኤስ» ይላል። እውነቱን ይመልሱ፤ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ የዋጋ ልዩነት ካለም ሌላ ጋ ያወዳድሩ። ድጎማ ተቀባይን በጅምላ አላከራይም ማለት ሕገ ወጥ መድልዎ መሆኑን የዮርክ ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ወስኗል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የተከራዮች መብት ሕግም ይህንኑ መድልዎ ይከለክላል።

ሌሎች የሚታዩ ነገሮች፦ ተከራይ ሳይከፍል ሲቀር የሚተካው የኪራይ ዋስትና መድን የተከራይዋን ማጣሪያ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ዋስ ይፈልጋል። የዩኒቨርሳል ክሬዲት የቤት ኪራይ ድርሻ በመደበኛው ለተከራይዋ ነው የሚከፈለው፤ የሁለት ወር ኪራይ ከተጠራቀመ ግን በቀጥታ ለእርስዎ እንዲከፈል ማመልከት ይችላሉ። ጋዙን በየዓመቱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን በየአምስት ዓመቱ ማስፈተሽ ግዴታ ነው፤ ወረቀቶቹ ከሌሉ ካሳ ላይ ይጠየቃሉ። እርስዎ አዲስ አበባ ስላሉ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደወልለት ሰው ለንደን ውስጥ ይሰይሙ፣ ስሙንም ለመድኑ ያስመዝግቡ።

«የመሬት መንቀጥቀጡስ?»

*በታኅሣሥና በጥር 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ የመጣው መንቀጥቀጥ ቤታችንን ነቅንቆት ነበር። የእሳት መድናችን ይሸፍነዋል?*

መደበኛው የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ ብቻውን አይሸፍነውም። «መሬት መንቀጥቀጥ» ተብሎ በተጨማሪ አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለበት። ጎርፍና ሁከትም እንዲሁ ናቸው። አሁን ያለውን ስንጥቅ ፎቶ አንስታችሁ ቀኑን ያዙ፤ ነባር ስንጥቅ እንደ አዲስ ጉዳት አይካስምና።

«ከእሳቱ በኋላ ምን ላድርግ?»

*በጥቅምት 2017 የመርካቶ ሸማ ተራን ቃጠሎ ካየሁ ጀምሮ እፈራለሁ። ቢደርስብን በቅደም ተከተል ምን ይደረጋል?*

በመጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ዋናው ብሬከር ይውረድ፣ 939 ይደወል። ምጣድ ወይም ሽቦ ላይ ውሃ አይደፋ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለማጽዳት አትቸኩሉ፤ የተቃጠለው ሶኬትና ሽቦ ማስረጃችሁ ነው፣ በፌስታል አስቀምጡት። እያንዳንዱን ክፍል ከአራት ማዕዘን ፎቶ አንሱ። ለፖሊስ አስመዝግቡ፤ ከእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም የማስረጃ ደብዳቤ ጠይቁ።

ለመድን ሰጪው በአንቀጽ 670 መሠረት ጉዳቱን ካወቃችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። በስልክ ተናግረናል ብላችሁ አትቅሩ። በደብዳቤ አስገቡና በቅጂው ላይ ቀንና «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱ። ዝናብ እንዳያበላሽባችሁ ጣሪያውን በሸራ ሸፍኑ፤ ደረሰኙን ያዙ፣ ለጊዜያዊ መከላከያ ያወጣችሁት ይጠየቃልና። ለጥገናው ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ፤ በአንድ እጅ የተጻፉ ሦስት ፕሮፎርማዎች ግን ገማቹን ወዲያው ያስጠረጥሩታል። የቤቱን ካርታ፣ ፖሊሲውን፣ የዓረቦን ደረሰኙንና የተመዘገበውን የኪራይ ውል ቅጂ ከቤቱ ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ ወይም በስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ሰነዳቸው ከቤቱ ጋር የተቃጠለባቸው ሰዎች ወራት ይንከራተታሉ።

የተባለው ካሳ ካነሰባችሁ «ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ» የሚለውን ወረቀት ሳትፈርሙ ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማመጣጠኛ አንቀጹ ሠርቶ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታያል። ንግግሩ ከተራዘመ ቀን ቁጠሩ፤ በአንቀጽ 674 መሠረት ከሁለት ዓመት በኋላ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም፣ «እየተነጋገርን ነበር» ማለትም አያድንም።